«የነካ ይነካ» ያልንበት ኮረብታ

መምህር የነበረ ሰው ጡረታ ሲወጣ «አስተምሬ ኖርሁ» ይላል። ነርስ የነበረች «ስንቱን አዋልጄ» ትላለች። እኔ ምን እበል? በዓል ሳከብር ኖርሁ። የአካባቢ ቀን፣ የደን ቀን፣ የችግኝ ተከላ ቀን፣ የእርከን ዘመቻ መክፈቻ፣ የእርከን ዘመቻ መዝጊያ። ከየበዓሉ አንድ ኮፍያ ይሰጡን ነበር። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ኮፍያዎቹን ከሣጥን አውጥቼ ለሠፈራችን ግንበኞች አደልኋቸው፤ አሁን መካነ ሰላም ውስጥ ሲሚንቶ የሚያቦካው ሁሉ ግንባሩ ላይ «ምድራችንን እንታደግ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይዞራል። ቢያንስ ፀሐይ ይከልልላቸዋል።

ይህን ስል የማፌዝ የሚመስለው አይጠፋም። አላፌዝም። ዛፍ እወዳለሁ። የተወለድሁት ደጎሎ ነው፤ ገብስና ስንዴ እንጂ ጥላ በማይበቅልበት ሜዳ ነው ያደግሁት። ልጅ ሆኜ ለማገዶ ኩበት ስለቅም፣ የሚነደው ነገር ሁሉ ለምን ከከብት ሆድ ብቻ እንደሚወጣ ይገርመኝ ነበር። ደርግ በወደቀ ማግሥት ቢሮዎች እንደገና ሲከፈቱ፣ አጭር ሥልጠና ሰጥተው በችግኝ ጣቢያ ሠራተኛነት መካነ ሰላም ላኩኝ። ደሞዙ ከእጅ ወደ አፍ እንኳ የማይደርስ ነበር። ደስታዬ ግን ልክ አልነበረውም።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ይማም ይባላሉ። በደን ሙያ የተማሩ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናግረው የማያውቁ ሰው ነበሩ። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የወይራ ዘር ልባሱ ድንጋይ ነው፤ ጫፉን በፒንሳ ካልሰበሩለት አፈር ውስጥ ተኝቶ ይከርማል እንጂ አይበቅልም። መጀመሪያ ቀን አንድ ቁና ዘር ፊቴ አስቀምጠው «ጫፉን ብቻ፤ ውስጡን ከነካሽው ሞተ» አሉኝና ሄዱ። ማታ ጣቶቼ ቁስል ብለው ነበር፤ ግማሹንም ዘር ገድየው ነበር። አልተቆጡም። በማግሥቱ ሌላ ቁና አመጡልኝ።

ችግኝ ለተከላ ሲቃረብ ውኃ እየቀነሱበት፣ የሣር ጥላውን እያነሡለት ፀሐይ እንዲለምድ ማድረግም ከእሳቸው ተማርሁ። «ማጠንከር» እንለዋለን። እኔ ተደብቄ ውኃ አጠጣለሁ፤ እሳቸው ቅጠሉን አይተው ያውቁብኛል። «አንቺ ልጅ፣ ስታዝኚለት ገደልሽው፤ ተራራው ላይ ማን ይቆምለታል?» ይሉኝ ነበር። ዝናብ ስለጣለ ብቻ ደግሞ አያስተክሉም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ጉድጓዱ ውስጥ እጃቸውን ይሰዳሉ፤ እርጥበቱ ክርናቸው ካልደረሰ ባለሥልጣን ቆሞ ቢጠብቅም «አልደረሰም» ብለው ይነሣሉ። ችግኙን ከላስቲኩ አውጥተው ሲተክሉ፣ አፈሩን በእግራቸው ጠቅጠቅ አድርገው «አብሽር» ይሉታል፤ እኛ አገር ለታመመም፣ ለተከዘም፣ መንገድ ለሚሄድም የሚባለውን አይዞህ።

ከልማዳቸው ሁሉ ግን አንዱ ነው የእኔን ሥራ ሥራ ያደረገው። በዓል ሲከበር ድንኳኑ ውስጥ ከእንግዶች ጋር አይቀመጡም። ከገበሬው መኻል ቁጢጥ ይሉና ከጎናቸው ያለውን «ማን ቀረ?» ብለው ይጠይቃሉ። ንግግሩን አይሰሙም፣ ማን እንዳልመጣ ነው የሚያጣሩት። «የመጣውማ ተስማምቶ ነው የመጣው፤ ዛፉን የሚበላው የቀረው ሰው ከብት ነው» ይሉኝ ነበር። በዓሉ ተበትኖ እንግዳው ወደ ምሳው ሲሄድ፣ እኛ የቀሩትን ሰዎች ቤት እንዞራለን። እኔ እየራበኝ እነጫነጫለሁ። እሳቸው ደግሞ ከክብሪት ቀፎ ውስጥ በሚይዙት ምላጭ፣ በመንገዳችን ላይ ያለውን ከነላስቲኩ የተተከለ ችግኝ ሁሉ እያወጡ፣ ሥሩ እንዳይታፈን ላስቲኩን ይቀዱለታል። በበዓል ቀን የሚተክል እንግዳ ላስቲክ አያወልቅም። ፎቶው ላይ አይታይማ።

ቀጥሎ ወደ ማሻ አዛወሩኝ። እዚያ የነበረኝ አለቃ መልካም ሰው ነበር፣ ግን ጭብጨባ ይወድ ነበር። አንድ የተከላ በዓል ላይ የክብር እንግዳው ሳይደርስ ችግኝ ከመኪና አይወርድም ተባለ። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆመ። እንግዳው የመጣው ቀትር አልፎ ነው። ችግኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳሉ ተተከሉ፤ ሰዉ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብሁ። በሳምንቱ ብሄድ ኮረብታው ላይ የቆመ ነገር ቢኖር ችግኙን የደገፍንበት እንጨት ብቻ ነው። ያን ጊዜ አቶ ይማም ናፈቁኝ። ጥቂት ቆይቶ እሳቸው የወረዳው የተፈጥሮ ሀብት ኃላፊ ሆኑና ወደ መካነ ሰላም አስመለሱኝ።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ምድሩ ወደ ዓባይ ማዘቅዘቅ ሲጀምር፣ ወይራ አፋፍ የሚባል ኮረብታ አለ። ስሙ ወይራ ይሁን እንጂ እኔ ስደርስበት አንድም ወይራ አልነበረበትም። ቅርፊቱ የተገፈፈ ቀይ መሬት ነው። ከግርጌው ምንጭ ነበረ ይባላል፤ ሽማግሌዎቹ ቦታውን በጣታቸው ያሳያሉ እንጂ ውኃ የለም። አቶ ይማም ኮረብታውን ዞረው ዞረው ሲያበቁ «እዚህ አንድም ችግኝ አንተክልም» አሉ። «እንተወዋለን። ሥሩና ዘሩ አፈር ውስጥ አለ፤ ከብት ከወጣለት ራሱ ይነሣል።»

እንዲህ ያለውን መሬት በቢሮ ቋንቋ «ከንክኪ ነፃ» እንለዋለን። ከብት አይገባበትም፣ እንጨት አይቆረጥበትም። ገበሬው ቃሉን አሳጥሮ «ንክኪ» አለው። «በሬህ ንክኪ ገባ» ይባባላሉ። እኛ ነፃ ያልነውን እነሱ በተከለከለው ነገር ጠሩት፤ ስቀንበት ነበር።

ስብሰባው ተጠራ። ብዙ ሰው መጣ፣ ተስማማ። አቶ ይማም እንደ ልማዳቸው «ማን ቀረ?» አሉ። እትዬ ዘሀራ ቀሩ ተባለ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ላምና አንዲት ልጅ ያላቸው፣ ቤታቸው ከኮረብታው ሥር የሆነ ሴት ናቸው። ሌላው ሰው ዞር የሚልበት ግጦሽ ነበረው፤ የእሳቸው ላም ግን ከወይራ አፋፍ በቀር የምትግጠው አልነበራትም። «አንቺ ሂጂ። ሴት ለሴት ትግባባላችሁ» አሉኝ አቶ ይማም።

ስደርስ ላማቸውን ያልባሉ። ልጃቸው መርየም ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታጠናለች።

«እትዬ ዘሀራ፣ ከስብሰባው ቀሩሳ?»

«ስብሰባ አይታለብ፤ ምን ልሠራ ልምጣ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ሣሩ እየታጨደ እንደሚከፋፈል፣ ከብት እየረገጠ ከሚግጠው ታጭዶ የሚገኘው እንደሚበልጥ፣ ምንጩም ሊመለስ እንደሚችል ነገርኋቸው። አልበው እስኪጨርሱ ሰሙኝ።

«ላም አለኝ በሰማይ በይኛ!» አሉ በኋላ። ከዚያ ቅሉን አስቀምጠው ፊት ለፊት አዩኝ። «ወላሂ እውነቱን ልንገርሽ አስናቀች። ጎረቤቴን አልፈራም። ጎረቤቴ ቢነካው አየዋለሁ፣ እጮህበታለሁ፣ ቅሬው ይቀጣዋል። እናንተን ነው የምፈራው። ዛሬ ዝጉ ትላላችሁ፣ ነገ በመኪና ትመጣላችሁ።»

«ማንም አይነካውም።»

«እናንተስ?»

«እኛም አንነካውም» አልሁ።

መርየምን አዩአት፣ ላሚቱን አዩአት። «በይ እንግዲህ፣ መርሀባ» አሉ።

ቅሬ እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ለቅሶ የሚደርስበት፣ አብሮ የሚቀብርበት ማኅበር ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው ሬሳውን የሚያነሣለት የለም። ኮረብታውን ለማስጠበቅ አቶ ይማም ማህተም ያለው ወረቀት አልፈለጉም፤ ቅሬውን ሰበሰቡና አበጋሩን አስጠሩ። አበጋር ደም የሚያደርቅ፣ ጠበኛ የሚያስታርቅ፣ ምርቃቱም እርግማኑም የሚፈራ ሽማግሌ ነው። ከኮረብታው ሥር ቆመን፣ ግማሹ እጁን ዘርግቶ፣ ግማሹ ራሱን ገልጦ፣ አበጋሩ አስማሉን።

«ይህን ኮረብታ የነካ ይነካ!»

«አሚን!» «አሜን!»

«በከብቱ ይነካ! በልጁ ይነካ!»

«አሚን!» «አሜን!»

«ያልነካ ይባረክ!»

ከጎኔ እትዬ ዘሀራ ከሁሉም ጮክ ብለው አሚን አሉ። እኔም አሜን ብያለሁ። አቶ ይማምም ብለዋል። መንግሥት በሁለታችን አፍ አሜን ያለ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው በጋ ከፋ። ሣሩ ገና ስስ ነበርና ታጭዶ የተከፋፈለው እስከ ጥር አልዘለቀም። ሌላው ሰው ተቋቋመው። እትዬ ዘሀራ አልቻሉም። ላሚቱ አጥንቷ ሲወጣ ገበያ ወስደው ሸጧት። ላም ከሌለ ወተት የለም፤ ቅቤ ካልተሸጠ ደብተር የለም። መርየም ትምህርቷን አቋርጣ፣ በላሟ ዋጋ ደላላ ይዛ ዐረብ አገር ሄደች። የሚኒባሱ መነሻ ላይ ተገናኝተን እጄን ጨብጣ «ሣሩ ሲበዛ ላም እንገዛለን» አለችኝ። እናቷ አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮረብታው ግን ተነሣ። ይህን ሳልናገር ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። በሁለተኛው ክረምት ሣር ለበሰ። ከዚያ ቁጥቋጦው መጣ፤ እንቧጮ፣ ክትክታ፣ አጋም። የማያውቅ ሰው ሲያየው የተጨማደደ፣ ለእሳት እንኳ የማይሆን ጭራሮ ነው። አቶ ይማም ግን ተንበርክከው የአጋሙን እሾህ በእጃቸው ገለጥ አደረጉና ከሥሩ አንድ ነገር አሳዩኝ። ሁለት ጣት የማትሞላ ወይራ ናት። «እሾሁ ከፍየል ይጠብቃታል፣ ጥላው ከፀሐይ ይጠብቃታል። ሞግዚቷ ነው። ራሷን እስክትችል ማንም ሞግዚቷን እንዳይነካባት» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሄድሁ ቁጥር ከየእሾሁ ጉያ አንድ ወይራ ወይም አንድ ጥድ ፈልጌ ሳላይ አልመለስም። ምንጩም መጀመሪያ ላብ ላብ አለ፤ ቆይቶ ማሰሮ መሙላት ጀመረ። እትዬ ዘሀራ ከልጃቸው በሚላክላቸው ገንዘብ ሌላ ላም ገዝተው፣ ከኮረብታው የታጨደ ሣር ያበሏት ጀመር። «አየሽ፣ ከሰማይ ወረደች» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

አቶ ይማም ሚሊኒየሙ ሲቃረብ ጡረታ ወጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። የተተካው ኃላፊ ወጣት ነው፣ ክፉ ሰውም አልነበረም። የሚቸኩል ሰው ነበር። ከላይ ቁጥር ይጠየቃል፣ እሱም ከታች ቁጥር ይጠይቃል። በተከላ ዘመቻው ሰሞን ከክልል እንግዶች ሊመጡ ሆነና ለበዓሉ ቦታ ተፈለገ። ለመኪና መንገድ የሚቀርብ፣ ጥበቃ ያለው፣ ፊት ለፊት የሚታይ። ወይራ አፋፍ ተመረጠ።

ቢሮው ገብቼ «ይህ ቦታ ተከላ አያሻውም፣ ራሱን ተክሏል» አልሁት።

«እትዬ አስናቀች፣ ራሱ የበቀለ ሪፖርት አይደረግም» አለኝ። «ቁጥቋጦ ነው ያለው። ቁጥቋጦውን አንሥተን አገር በቀል እንተክላለን።»

«አገር በቀሉ ቁጥቋጦው ውስጥ ነው ያለው! ና ላሳይህ።»

«እሺ፣ እናያለን» አለ። ሊያይ አልመጣም። ወደ ወረዳው አስተዳዳሪ ሄድሁ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ከስብሰባ ሲወጡ ጠብቄ ነገርኋቸው። «ዛፍ አትትከሉ የምትል የደን ባለሙያ ዛሬ አየሁ» ብለው ሳቁ፤ አብረዋቸው ያሉትም ሳቁ። ቅሬው እንደማለ፣ እርግማን እንዳለበት ብነግራቸው ደግሞ ኋላ ቀር ብለው ሊስቁ ነው። ነገርኋቸው። ሳቁ።

በዋዜማው ወጣቶች ገጀራ ይዘው ተሰማሩ። ስደርስ ከመንገዱ በላይ ያለው ፊት ተመንጥሯል። ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም፤ ቁጥቋጦ ምቱ ተብለው ቁጥቋጦ መቱ። አጋሙ ሲወድቅ ከጉያው ያለው አብሮ ይወድቃል። በክምሩ ውስጥ ክንዴን የሚያክል ጥድ አገኘሁ፣ ጉልበቴ የሚደርስ ወይራ አገኘሁ። እያወጣሁ ለብቻ ደረደርኋቸው። ለምን እንደደረደርኋቸው አላውቅም፤ የሚቀበር ነገር መስለው ታዩኝ መሰለኝ። ከዚያ ባዶው ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ጉድጓዱ ውስጥ በማግሥቱ የሚገቡት ከጣቢያው የመጡ የወይራና የጥድ ችግኞች ናቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

በዓሉ ደመቀ። ድንኳን ነበረ፣ ድምፅ ማጉያ ነበረ፣ አዲስ ኮፍያ ነበረ። እኔም አድርጌያለሁ፣ ካላደረጉ ይጠየቃላ። እንግዳው ጥሩ ንግግር አደረጉ፤ ስለ ሙቀት፣ ስለ ዝናብ መዛባት፣ ስለ ልጆቻችን የተናገሩት አንድም ውሸት የለበትም። ገበሬው ከታች ቆሟል። እኔም እንደ አቶ ይማም ከመኻላቸው ነበርሁ። ማንም አያወራኝም። ትናንት ሰላም ያለኝ ሰው ዛሬ ዐይኑን ያሸሻል።

እንግዳው የመጀመሪያዋን ችግኝ ከነላስቲኳ ተክለው ቀና ሲሉ እትዬ ዘሀራ ከሰዉ መኻል ወጡ። አርጅተዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል። ምርኩዛቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ ረቢ! ይህን ኮረብታ የነካ ይነካ!»

አንድ «አሚን» የሚል ጠፋ። ኃላፊው ወደ እሳቸው መሄድ ጀምሮ ነበር፤ እንግዳው ግን በእጃቸው አስቆሙት። ፊታቸው በርቷል።

«ተዋቸው፣ ተዋቸው! እናታችን የተከልነውን ችግኝ እየጠበቁልን ነው! ሕዝቡ እንዲህ በባህሉ ሲጠብቅ ነው ደን የሚኖረው። ይድገሙልን እናቴ!»

እትዬ ዘሀራ እንግዳውን ትኩር ብለው አዩአቸው።

«የነካ ይነካ» አሉ ቀስ ብለው። «በከብቱ ይነካ። በልጁ ይነካ።»

«አሜን!» አሉ እንግዳው በድምፅ ማጉያው። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተከትለው «አሜን!» አሉ። ኃላፊው አሜን አለ። አስተዳዳሪው አሜን አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። በሥራ ዘመኔ ብዙ በዓል አይቻለሁ፤ ሰው በገዛ ራሱ ላይ የወረደ እርግማን እያጨበጨበ ሲቀበል ግን ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ከታች የቆመው ገበሬ አንድም አሚን ሳይል፣ አንድም ሳያጨበጭብ፣ አንድ በአንድ ወደየቤቱ ሄደ።

እትዬ ዘሀራ በአጠገቤ ሲያልፉ ቆሙ። ኮፍያዬን አዩት። «‹እናንተስ?› ብየሽ ነበር» አሉኝ፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ወረዱ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። አፌ ሳይከዳ አፌ የገባው ቃል ከዳ፤ የትኛው እንደሚብስ እንጃ። እዚያው ቆሜ አለቀስሁ። ሰዉ በበዓሉ ተነክታ ነው ያለ ይመስለኛል።

በሳምንቱ ቅሬው ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ አበጋሩን ይዘው ከተነጋገሩ በኋላ፣ መሐላው የተማለው ማንም እንዳይነካ ነው፣ ያስማለው ራሱ ከነካ መሐላ የለም፣ ፈርሷል አሉ። ዱዓ አድርገው ፈቱት። እኔም ነበርሁ። ትክክል ነበሩ። በማግሥቱ ጠዋት ከብቱ ሁሉ ወይራ አፋፍ ላይ ነበር። ለበዓሉ የተተከለው ችግኝ መጀመሪያ ተበላ፤ የቀረው ከነላስቲኩ ደረቀ። ከዚያ ያልተመነጠረው ፊት ተራው ደረሰ። ዳግመኛ ስብሰባ ጠራሁ፤ የመጣ የለም። ማን ቀረ ብዬ የምጠይቀው ሰው እንኳ አልነበረም። ቤት ለቤት ዞርሁ። «አብሽሪ አስናቀች፣ አንቺ ምን ታደርጊ» እያሉ እንጀራ ያቀርቡልኛል፤ ከብታቸውን ግን አያወጡም። ሦስተኛው ዓመት ላይ ምንጩ ወደ ላቡ ተመለሰ፤ ከዚያ ላቡም ቀረ።

ሰዉ ለጥቂት ጊዜ እርግማኑን ጠበቀ። አልክድም፣ እኔም በሆዴ ጠብቄያለሁ። ማንም አልተነካም። ኃላፊው ወደ ዞን አደገ። አስተዳዳሪው ደሴ ቤት ሠሩ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በዚያው ቢሮ ሠራሁ፤ ብዙ በዓል አከበርሁ። ስለዚያ የምጽፈው የለኝም። ጡረታዬ ሲደርስ ሰው ልሰናበት ብዬ እትዬ ዘሀራ ዘንድ ሄድሁ። እስከዚያ ድረስ በራቸውን አልፌ እሄድ ነበር እንጂ አልገባም ነበር።

መርየም ተመልሳለች። ዐረብ አገር ስደተኛውን የሰደደ ጊዜ ከተመለሱት ጋር ነው የመጣችው። ቆርቆሮ ቤቱ በእሷ ገንዘብ የተሠራ ነው። እሷ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ ሰላም ስላት እጇን ሰጠችኝ እንጂ ማን እንደሆንሁ አላወቀችኝም። በሠራችበት ቤት ምን እንደሆነች አትናገርም። «አንዳንድ ቀን ትናገራለች» አሉ እናቷ፤ «በዐረብኛ ነው፣ እኔ አይገባኝም።»

«ጠበል ወሰዷት? ሐኪም?» አልሁ።

«ሁሉንም። ጠበሉንም፣ ሐኪሙንም፣ ሼሁንም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ አውቀዋለሁ ምን እንደሆነች። ያን ጊዜ ኮረብታው ሲፈታ፣ ሰዉ ሁሉ ሲያስገባ፣ እኔም ላሜን አስገባኋት። አንድ ክረምት። በልጁ ይነካ ብዬ አሚን ብያለሁ አስናቀች።»

«እትዬ ዘሀራ፣ መሐላው ፈርሶ ነበር እኮ! ሽማግሌዎቹ ፈተውታል። እኔ እዚያው ነበርሁ። እርስዎ የነኩት ነገር የለም፤ እኛ ነን የነካነው። የነኩት ደግሞ ምንም አልሆኑም፣ ተሹመዋል!»

እንደ ልጅ አዘኑልኝ። እጄን ያዙ።

«እነሱማ በምን ይነካሉ? ሲምሉ መች ሰሙት» አሉኝ። «እኔ ሰምቼ ነው አሚን ያልሁት። ለመንግሥትም አልነበረም ያልሁት።»

ልከራከራቸው ፈለግሁ። የተማርሁትን ሁሉ፣ ስለ ዐረብ አገር የማውቀውን ሁሉ፣ ስለዚያ በዓል ያለውን እውነት ሁሉ ብደረድር የሚያምኑኝ መስሎኝ አፌን ከፈትሁ። እኔ አንድ ጊዜ ቃል ሰጥቼአቸው ያመኑኝ ሴት ናቸው። እጃቸውን ስሜ ተነሣሁ።

ስወጣ ኮረብታው ላይ የመንደሩ ከብት ተበትኗል፤ የሁሉም ሰው ከብት። የእትዬ ዘሀራ ላም ከደጃፉ ታስራ፣ ከገበያ በአህያ የመጣ ጭድ ትበላ ነበር።